እንግዳና ዘሪ፤ ስለ ፍሬ በል ርግቦችና ስለ ደቡብ ኦሞ የወንዝ ዳር ደን

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ በጂንካ ከተማ የቀረበ ንግግር)



የስብሰባው አዘጋጆች በሐሩር ደሴቶች ላይ ስለሚኖሩት ፍሬ በል ርግቦች አኗኗርና ጥበቃ እንድናገር በጠየቁኝ ጊዜ፣ ባሕር የሌለን ሰዎች ስለ ደሴት ርግብ ምን ቸገረን የሚል ጥያቄ ከመካከላችሁ ሊነሣ እንደሚችል ገምቼ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሴም አጭር ነው፤ ደሴት ማለት በውኃ የተከበበ መሬት ብቻ አይደለም። በደረቅ ቆላ የተከበበ እርጥብ ደንም ደሴት ነው። እንዲህ ያለው ደሴት ደግሞ ከዚህ አዳራሽ ብዙ ሳይርቅ ይገኛል። ስለሆነም ንግግሬ ከሩቅ ባሕር ተነሥቶ ወደ ነሪ ወንዝ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ከአንድ አዋጅ ቁጥር በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

ከጂንካ ከፍታ ላይ ቆሞ ወደ ማጎ አቅጣጫ የተመለከተ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በግራርና በቁጥቋጦ በተሸፈነ ሰፊ ቆላ ላይ ነው። በዚያ በጋ ሲሆን በሚገረጣው ሜዳ መካከል ግን እንደ አረንጓዴ መቀነት የሚጠማዘዙ ጠባብ መስመሮች ይታያሉ። እነዚህ መስመሮች ነሪ፣ ማጎና ኦሞ በዳርና በዳራቸው ያበቀሏቸው ደኖች ናቸው። ነሪ ወደ ማጎ ይገባል፤ ማጎ ወደ ኦሞ ይገባል፤ ኦሞም 760 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ በቱርካና ሐይቅ ያርፋል። የደኑ ወርድ በብዙ ስፍራ በእግር በጥቂት ደቂቃ የሚቋረጥ ነው። ይሁን እንጂ ሾላው፣ ሮቃውና ሌላው ፍሬ ሰጪ ዛፍ ሁሉ በዚያ ጠባብ መቀነት ውስጥ ተሰብስቦ ስለሚገኝ፣ ፍሬ በል የሆነ ፍጡር ሁሉ ኑሮው ከዚያ ጋር የተሳሰረ ነው። ከመቀነቱ ሲወጣ ያለው ደረቅ ሜዳ ለእርሱ እንደ ባሕር ነው።

ከእነዚህ ፍሬ በሎች መካከል የዛሬው ተጠሪያችን አረንጓዴው ርግብ ነው። ርግብ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስታውሰው በቤተ ክርስቲያን ጣራ ላይ የሚያርፈውን ግራጫውን ወይም በአውድማ እህል የሚለቅመውን ዋኖስ ነው። አረንጓዴው ርግብ ግን መሬት ላይ ወርዶ እህል አይለቅምም። ኑሮው በዛፍ ላይ ነው፤ ምግቡም ፍሬ ነው። ቅርንጫፍ ላይ ሲንጠላጠል እንደ በቀቀን ነው፤ ድምፁም የለመድነውን የርግብ ጉርምርምታ ሳይሆን ፉጨትና መንጫጫት የተቀላቀለበት ነው። ቀለሙ ከቅጠል ጋር ስለሚመሳሰል ሠላሳና አርባ የሚሆኑ ርግቦች ያረፉበት ሾላ ሥር ቆመን እንኳ አንዲት ላናይ እንችላለን። መኖራቸውን የምናውቀው ከላይ በሚረግፈው የፍሬ ቁርጥራጭ ነው።

በአገራችን ሁለት ዓይነት አረንጓዴ ርግቦች ይገኛሉ። አንደኛው ሆዱ ብጫ የሆነው፣ ደረቅ ዛፋማ ሜዳን የሚወደው ነው። ሁለተኛው ዝናብ በሚበዛበት በምዕራብና በደቡብ ምዕራብ የሚኖረው ነው። የአንደኛው ስም ታሪክ አለው። ከ1769 እስከ 1771 በኢትዮጵያ የቆየው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ቅጽ የጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ይህን ወፍ «ዋሊያ» ብሎ በሥዕል ጭምር ገለጸው። ከሦስት ዓመት በኋላም የጀርመኑ የተፈጥሮ ተመራማሪ ማየር ያንኑ ስም ወስዶ ሳይንሳዊ መጠሪያ አደረገለት። ስለዚህ ዛሬ በዓለም የወፍ መዝገብ ውስጥ «ትሬሮን ዋሊያ» ተብሎ የሚጠራው ይኸው ወፍ ነው። በሰሜን ተራሮች የሚኖረውን ዋልያችንን እያንዳንዱ ተማሪ ያውቀዋል፤ ስመ ሞክሼው የሆነውን ርግብ ግን ስንቱ መምህር ያውቀዋል?

ይህ ወፍ ከደሴት ጋር ያለው ዝምድናም የቃል ምሳሌ ብቻ አይደለም። የብሩስ አረንጓዴ ርግብ ከምዕራብ አፍሪቃ ሳህል ጀምሮ እስከ እኛ አገር፣ ከዚያም ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ደቡብ ምዕራብ ዐረብ ይኖራል፤ ከአፍሪቃ ቀንድ ማዶ በምትገኘው በሶቆጥራ ደሴት ላይም ይራባል። የሥጋ ዘመዶቹ ደግሞ በማዳጋስካር፣ በታንዛንያዋ የፔምባ ደሴትና በአትላንቲክ ውቅያኖስ ባለችው በሳኦ ቶሜ ይገኛሉ። የፔምባውና የሳኦ ቶሜው ዘመዶች ከየደሴቶቻቸው በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የላቸውም፤ ደኑ ሲመነጠርና አዳኙ ሲበዛባቸው የሚሸሹበት ስፍራ ስለሌላቸውም ህልውናቸው የሚያሠጋ ሆኗል።

አሁን ወደ ታላላቆቹ የሐሩር ባሕር ደሴቶች እንሻገር። ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ጀምሮ እስከ ሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ድረስ በተበተኑት ደሴቶች ላይ ሁለት ታላላቅ የፍሬ በል ርግብ ወገኖች ይኖራሉ። አንደኛው ፕቲሊኖፐስ የሚባለው ሲሆን ከ50 በላይ ዝርያዎች አሉት፤ ሁለተኛው ዱኩላ የሚባለው፣ በአካሉ ገዘፍ ያለው ሲሆን ወደ 40 የሚጠጉ ዝርያዎች አሉት። የእነዚህ ርግቦች አፍ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ነው፤ የጨጓራቸው ግድግዳ ስስ ነው፤ አንጀታቸውም አጭርና ሰፊ ነው። ፍሬውን ሳይቆርሱ ይውጡታል፤ ሥጋውን ፈጭተው ዘሩን ከነሕይወቱ ከእናት ዛፉ ርቀው ይጥሉታል። በየቤታችን የቅመም መደርደሪያ የሚገኘው ገውዝ በትውልዱ የኢንዶኔዥያ ደሴቶች ዛፍ ነው፤ የዱኩላ ርግቦች ፍሬውን ውጠው በዘሩ ላይ ያለውን ቀይ ሽፋን ከበሉ በኋላ ዘሩን ሙሉውን ይመልሱታል። ነጋዴ ከመምጣቱ በፊት የገውዝ አጓጓዥ ርግብ ነበር ማለት ነው።

የእንዲህ ያለው ሥራ ውጤት ምን ያህል ታላቅ እንደሆነ የክራካታው ደሴት ታሪክ ያስረዳል። በጃቫና በሱማትራ መካከል የሚገኘው ይህ እሳተ ገሞራ በ1883 ሲፈነዳ የደሴቱ ሕይወት ከሞላ ጎደል ወደ አመድ ተለወጠ። ግማሽ ምዕት ዓመት ሳይሞላ ግን አመዱ በደን ተሸፈነ። ገሚሱን ዘር ነፋስና ማዕበል አመጣው። የሾላ ወገን የሆኑት ዛፎችና ሌሎች ሥጋማ ፍሬ ያላቸው ሁሉ ግን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ባሕር አቋርጠው በፍሬ በል ወፎችና በሌሊት ወፎች ሆድ ውስጥ ተጭነው ደረሱ።

የዚህ ታሪክ ተቃራኒም አለ። በሰላማዊ ውቅያኖስ በምትገኘው በቶንጋ፣ ሰዎች ከ2,800 ዓመታት ገደማ በፊት ሰፍረው ማደን ከጀመሩ በኋላ ትልልቆቹ ርግቦች ጠፉ። ከአጥንታቸው ተለይቶ በ2020 ሳይንሳዊ ስም የተሰጠው አንደኛው ርግብ ከጅራቱ በቀር ቁመቱ ግማሽ ሜትር ያህል ነበር። ትልቅ ዘር ያላቸው ዛፎች እስከ ዛሬ አሉ፤ ያን ዘር ሊውጡ ይችሉ የነበሩት አፎች ግን የሉም። ዛፉ ቆሟል፤ አጓጓዡ ሞቷል።

ክቡራንና ክቡራት፤

እስከዚህ ድረስ ያለውን ታሪክ ሰምቶ «እንግዲያውስ የእኛም አረንጓዴ ርግብ የሾላችን ዘሪ ነው» ብሎ የሚደመድም ሰው አይጠፋም። ይህ መደምደሚያ ያማረ ነው፤ በየትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ቢሳል ልጆችን ያስደስታል። ዳሩ ግን እውነት አይደለም። የዛሬው ንግግሬ ዋና ጭብጥም እዚህ ላይ ነው።

የአረንጓዴው ርግብ ወገን ከደሴቶቹ ርግቦች የሚለየው በሆድ ዕቃው ነው። የእርሱ ጨጓራ ወፍራም ጡንቻ ያለው ነው፤ ወፉ ጠጠር ይውጥና ጠጠሩ በጡንቻው እየታሸ የሾላውን ጥቃቅን ዘር ይፈጫል። በእኛ ዘንድ የየዋህነት ምሳሌ የሆነው ርግብ በሆዱ ወፍጮ ተሸክሞ ይዞራል። በማሌዥያ ቆላማ ደን የተካሄደና በ1989 የታተመ ጥናት የሁለቱን ወገኖች ልዩነት በግልጽ አሳይቷል። የፕቲሊኖፐስና የዱኩላ ርግቦች የሾላ ወገን ዘሮችን በሕይወት ሲያሳልፉ፣ አረንጓዴዎቹ ርግቦች አብዛኛውን ፈጭተው ለምግብነት ያውሉታል። አንድ ሾላ ላይ አብረው የተቀመጡ፣ አንድ ዓይነት ፍሬ የሚበሉ ሁለት ርግቦች ለዛፉ ያላቸው ትርጉም የተለያየ ነው። አንደኛው ዘሪ ነው፤ ሁለተኛው እንግዳ ነው፤ በልቶ የሚሄድ።

ይህን ልዩነት ማወቅ የምሁራን ጨዋታ መስሎ ለሚታየው ሰው የዶዶን ታሪክ ላስታውሰው። በሞሪሸስ ደሴት የኖረው፣ መብረር የማይችለው ዶዶ የርግብ ወገን ነበር፤ በአሥራ ሰባተኛው ምዕት ዓመት ከምድር ጠፋ። በ1977 አንድ ተመራማሪ ታምባላኮክ የሚባለው የሞሪሸስ ዛፍ የማይራባው ዘሩን በልቶ የሚያሳልፍለት ዶዶ ስለጠፋ ነው የሚል ጽሑፍ አወጣ። ታሪኩ የሚማርክ ስለነበር ወዲያው በየመማሪያ መጽሐፉ ገባ። ከዚያ በኋላ የመረመሩት ሌሎች ሊቃውንት ግን፣ በተለይም በ1991 በወጣ ጽሑፍ፣ የዛፉ ዘር ያለ ዶዶ ሊበቅል እንደሚችል፣ ለዛፉ መመንመንም ሌሎች ምክንያቶች መኖራቸውን አሳዩ። ከውጭ የገቡ እንስሳትና አረሞች በደኑ ላይ ያደረሱት ጉዳት ከእነዚህ መካከል ነው። ትምህርቱ ግልጽ ነው። ተጠያቂው ዶዶ ብቻ ነው ብሎ ያመነ ሰው ዶዶን ያለቅሳል፤ ደኑን ግን አያድንም። በሽታው በውል ካልታወቀ መድኃኒቱ ከንቱ ነው።

ታዲያ አረንጓዴው ርግብ ዘሪ ካልሆነ ጠላት ነውን? አይደለም። አንዲት የሾላ ፍሬ በውስጧ በመቶ የሚቈጠሩ ዘሮች ትይዛለች፤ አንድ ታላቅ ሾላም በአንድ ወቅት በብዙ ሺህ የሚቈጠር ፍሬ ያወጣል። ርግቡ የሚፈጨው ከዚህ ጥቂቱን ነው። እየተንጠላጠለ ሲበላ ደግሞ ብዙ ፍሬ ከዛፉ ያረግፋል፤ የረገፈውን ድኩላና ከርከሮ ይበላዋል። ከሁሉ በላይ ርግቡ የደኑ ምስክር ነው። ፍሬ ባለበት ይሰበሰባል፤ ፍሬ በሌለበት አይቈይም። በአንድ የወንዝ ዳር ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ርግብ ከታየ በዚያ አካባቢ ዓመቱን ሙሉ ፍሬ የሚሰጥ ሾላ አለ ማለት ነው። ርግቡ ለወራት ከጠፋ ግን መጠየቅ ያለበት ዛፉ ነው። እንግዳ የማይመጣበት ቤት ምን እንደጎደለው የሚጠይቀው ባለቤቱ ነው።

እውነተኞቹ ዘሪዎች እነማን ናቸው ቢባል፣ መልሱ ለብዙዎቻችን ደስ የሚል አይደለም። ከወፎች ወገን ታላላቅ ምንቃር ያላቸው ሆርንቢሎች፣ ባለ ረጅም ጅራቶቹ ቱራኮዎችና ሌሎች ትንንሽ ፍሬ በል ወፎች አሉ። ከእነርሱ ጋር ግን ፍሬ በሏ የሌሊት ወፍ፣ ጦጣና ዝንጀሮም አሉ። የሌሊት ወፍ በአጉል እምነት የምትጠላ ፍጥረት ናት፤ ዝንጀሮና ጦጣም ማሳ ስለሚያጠፉ በገበሬው ዘንድ የሚሳደዱ ናቸው። ገበሬው እህሉን መጠበቁ መብቱ ነው፤ በዚህ የሚወቅሰው አይኖርም። እኛ የሙያው ሰዎች ግን ውብ የሆነውን ብቻ መርጠን የምናስተምር ከሆነ፣ ሥራውን የሚሠራው ሳይመሰገን እንግዳው ሊመሰገን ነው።

በዚህ ረገድ ከቶንጋ የተገኘ ሌላ ትምህርት አለ። በ2006 የታተመ አንድ ጥናት በዚያች አገር የሚኖሩትን ትልልቅ ፍሬ በል የሌሊት ወፎች መርምሮ ነበር። የሌሊት ወፎቹ ቍጥር ብዙ ሲሆን በአንድ ዛፍ ላይ ይጣላሉ፤ የተሸነፈው ፍሬውን በአፉ ይዞ ወደ ሌላ ዛፍ ይሸሻል፤ ዘሩም በዚያ ይወድቃል። ቍጥራቸው ሲቀንስ ግን ጠብ የለም፤ እያንዳንዱ በመጣበት ዛፍ ላይ ተቀምጦ ይበላል፤ ዘሩም ከእናት ዛፉ ሥር ይረግፋል። ከዚህም የተነሣ እንስሳው ገና በዓይን እየታየ፣ ብርቅም ሳይሆን፣ ሥራው አስቀድሞ ይቆማል። ይህ ነገር ለእኛ የሚያስፈራ ነው። በመዝገባችን ላይ «አለ» ብለን የምንጽፈው እንስሳ ሥራውን መሥራት ያቆመ ሊሆን ይችላልና ነው።

አሁን ስለ ሾላው እንናገር። አማርኛችን ነገር ሳይገለጥ እንዲያልፍ ሲፈለግ «ሾላ በድፍኑ» ይላል። አባባሉ የመጣው ሾላ ሲገመስ ከውስጡ ጥቃቅን ነፍሳት ስለሚታዩ ነው። የእኛ ሙያ ግን ሾላውን መገመስን ይጠይቃል። በውስጡ የሚታዩት ጥቃቅን ተርቦች የፍሬው ነውር ሳይሆኑ የሕይወቱ ምሥጢር ናቸው። የሾላ አበባ በፍሬው ውስጥ የተደበቀ ስለሆነ፣ ከዛፉ ጋር የተቈራኘው ተርብ ገብቶ ካላዳቀለው ዘር አይዝም። ተርቡ ከወጣ በኋላ የሚኖረው አንድ ወይም ሁለት ቀን ነው። በዚያ አጭር ጊዜ ውስጥ ተርብ ለመቀበል የተዘጋጀ ሌላ ሾላ ማግኘት አለበት። ስለዚህ ሾላዎች ሁሉ በአንድ ወር አያፈሩም፤ አንዱ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። ሌላው ዛፍ ሁሉ ፍሬ በሚነሣበት በበጋው ልብ ሾላ ለርግቡም፣ ለጦጣውም፣ ለሌሊት ወፏም የሚደርሰው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህ ሥርዐት ርቀትን ምን ያህል እንደሚያሸንፍ በናሚብ በረሃ በአንድ የወንዝ ዳር ባሉ ሾላዎች ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። በ2009 እንደታተመው፣ ተርቦቹ በነፋስ ተጭነው እስከ 160 ኪሎ ሜትር ድረስ ከዛፍ ወደ ዛፍ ዱቄት አድርሰዋል። ከዚህ የምንማረው በሜዳ ላይ ብቻውን የቀረ አንድ አሮጌ ሾላ ብቻውን እንዳልሆነ ነው። በማጎ ዳር ያለው ከኦሞ ዳር ካለው ጋር ሊገናኝ ይችላል። አንዱ ሲቈረጥ ግን የዓመቱ መቍጠሪያ አንዲት ቀለበት ይበጠሳል፤ በዚያች ወር የሚያፈራ ዛፍ ከጠፋ ተርቡም፣ ርግቡም፣ ዘሪውም በዚያች ወር ጾማቸውን ይውላሉ።

ክቡራን ባልደረቦች፤

ስለ ዛፉና ስለ ወፉ ተናግረን ስለ ውኃው ዝም ብንል ግማሹን ብቻ መናገር ይሆናል። የታችኛው ኦሞ ደን ወንዙ ያበቀለው ነው። ከደጋው የክረምት ዝናብ የተነሣ ኦሞ በየዓመቱ በነሐሴና በመስከረም ግድም ሞልቶ ዳርቻውን ያለብስ፣ ሲጎድልም ለም ደለል ትቶ ይሄድ ነበር። ሙርሲው፣ ቦዲው፣ ካራው፣ ኛንጋቶሙና ዳሰነቹ በዚያ ደለል ላይ ማሽላና በቆሎ ይዘራ ነበር። የሾላም ጥቃቅን ዘር የሚበቅለው እርጥበት ባለበት ቦታ ነው፤ ወንዝ የተወው አዲስ ደለልም ለእርሱ የተመቸ መደብ ነው። ሰውና ሾላ አንድ የዘር መደብ ይጋሩ ነበር ማለት ይቻላል።

የግልገል ጊቤ ሦስተኛው ግድብ በ2015 ውኃ መያዝ ጀመረ፤ በታኅሣሥ ወር 2016ም ተመረቀ። ግድቡ 243 ሜትር ቁመት አለው፤ 1,870 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ ለማመንጨት የሚችል ነው። ከ2011 ጀምሮም በታችኛው ኦሞ የኩራዝ የስኳር ልማት ተጀምሯል፤ ለሸንኮራ እርሻ የሚሆን መሬት ተመንጥሯል፤ የመስኖ ውኃም ከወንዙ ተጠልፏል። አገራችን ብርሃን ያስፈልጋታል፤ ይህን የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ግድቡ የወንዙን ፍሰት ስላስተካከለው፣ የቀድሞው ዓመታዊ ጎርፍ በነበረበት መልኩ አልቀጠለም። የጎርፉ መቅረት ለእርሻው የተገለጠው ወዲያው ነው፤ ማሽላው ያልተዘራበት ዓመት ያን ጊዜውኑ ይታወቃል። ለደኑ ግን የሚገለጠው ዘግይቶ ነው። መቶ ዓመት የኖረ ሾላ ሥሩን ወደ ታች ሰድዶ ብዙ ዓመት ሊቆም ይችላል፤ ቅጠሉ ያው ነው፤ ጥላው ያው ነው፤ ርግቡም ይመጣበታል። የሚጎድለው ከሥሩ ሊበቅል ይገባ የነበረው ችግኝ ነው። ልጅ የማይወለድበት መንደር ከሩቅ ሲታይ ሰላም ይመስላል።

ስለዚህ የቶንጋ የሌሊት ወፍና የኦሞ ሾላ የሚነግሩን አንድ ነገር ነው። የፍጥረት ሥራ የሚቋረጠው ፍጥረቱ ከመጥፋቱ በፊት ነው። እኛ የምንቈጥረው የቆመውን ብቻ ከሆነ አደጋውን የምናውቀው ካለፈ በኋላ ነው። በዚህ ምክንያት የሚከተሉትን አራት ነገሮች ለማኅበራችን አባላት በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ መቍጠር ያለብን ወፍን ብቻ ሳይሆን ፍሬንም ነው። በጂንካና በአካባቢው ያለ ትምህርት ቤት ሁሉ በእግር የሚደረስባቸውን ሃያ የሾላና የዋርካ ዛፎች መርጦ ቍጥር ቢሰጣቸውና በየወሩ የትኛው እንዳፈራ፣ ማን ሊበላ እንደመጣ፣ ከሥሩና ከዳርቻው ችግኝ መኖሩንና አለመኖሩን በደብተር ቢያስመዘግብ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ የማይናቅ መዝገብ ይኖረናል። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ደብተር፣ እርሳስና ታማኝ ዓይን ይበቃል። ከተማችን የጂንካ ዩኒቨርሲቲና የደቡብ ኦሞ የምርምር ማዕከል መኖሪያ ስለሆነች መዝገቡን የሚያስቀምጥና የሚመረምር አይጠፋም።

ሁለተኛ፣ አሮጌው ዛፍ ከአዲሱ ችግኝ አስቀድሞ ይጠበቅ። ከ2019 ጀምሮ በመላ አገሪቱ በአረንጓዴ ዐሻራ ዘመቻ ችግኝ ሲተከል ቈይቷል፤ ይህ የሚደገፍ ሥራ ነው። ነገር ግን የተተከለው ባሕር ዛፍ ወይም ግራቪሊያ ለርግቡም ሆነ ለዘሪዎቹ ማዕድ አይሆንም። ሾላና ዋርካን ከቅርንጫፋቸው ቈርጦ መትከል ይቻላል፤ አባቶቻችን የገበያንና የሸንጎን ጥላ ያበቀሉት በዚህ መንገድ ጭምር ነው። በነሪ ዳር በየዓመቱ ጥቂት የሾላ ጕማጆች ቢተከሉ፣ ጎርፉ ሊሠራው ያልቻለውን በከፊል እጃችን ሊሠራው ይችላል። ማሳ ሲመነጠርም ከወንዙ ዳር ያለው መቀነት ሳይነካ እንዲቀር ከአርሶ አደሩና ከአርብቶ አደሩ ጋር መመካከር ያስፈልጋል።

ሦስተኛ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ በአዋጅ ቁጥር 299/1995 የተደነገገ ነው። በኦሞ ተፋሰስ ለሚታቀድ ሥራ ግምገማ ሲዘጋጅ፣ የዛፎቹ ዝርዝር ብቻ ሳይሆን የችግኞቻቸው ሁኔታና የፍሬያቸው ወራት አብሮ እንዲመረመር የሙያ ማኅበራት ሊጠይቁ ይገባል። ከግድቡ የሚለቀቀው ውኃ ጊዜና መጠን ለማሽላውም ለሾላውም የሚሆን እንዲሆን መጠየቅ ልማትን መቃወም አይደለም፤ ልማቱን ሙሉ ማድረግ ነው። የሙያ ሰው በጊዜው ያልጠየቀውን ማን ይጠይቅለታል?

አራተኛ፣ እናስተምር፤ ስናስተምር ግን እውነቱን እናስተምር። ልጆቻችን አረንጓዴውን ርግብ ሲያዩ «የደኑ ዘሪ ነው» ብለው ሳይሆን «ደኑ አሁንም እንግዳ እየተቀበለ ነው» ብለው ይደሰቱ። የሌሊት ወፍ በመሸ ጊዜ ስታልፍባቸውም ሳይሸሹ «የሾላችን አጓጓዥ» ብለው ይወቋት። በዚህ ረገድ ከእኛ የሚበልጡ መምህራን በየመንደሩ አሉ። የትኛው ሾላ በየትኛው ወር እንደሚያፈራ፣ ማን እንደሚመጣበት፣ የአሪው ገበሬ፣ የሐመሩ እረኛ፣ የካራው ሽማግሌ ጠንቅቀው ያውቁታል። ደብተራችን በእነርሱ ዕውቀት ይጀመር፤ ስማቸውም እንደ መምህር ይመዝገብ።

ተስፋ አለን ወይ ለሚል ሰው ከዚያችው ከዶዶ ደሴት መልስ አለኝ። በሞሪሸስ ከዶዶ በኋላ የቀረው የአገሩ ተወላጅ ሐምራዊው ርግብ በ1990 ግድም በዱር ውስጥ አሥር ያህል ብቻ ቀርቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በጥበቃ ሥር ተራብቶ ወደ ደኑ ተመለሰ፤ ጎጆውን የሚያጠቁት አይጥና ድመት ተቀነሱ፤ ፍሬ በሚያጥርበት ወቅትም መኖ ተሰጠው። ዛሬ በዱር ያለው ቍጥሩ በብዙ መቶ የሚቈጠር ነው። ነገር ግን ወጪው ከባድ፣ ድካሙም ለአሠርት ዓመታት የዘለቀ ነው፤ ዛሬም ያለ ሰው እርዳታ የሚቆም አይደለም። ደኑ ለእርሱ የሚያቀርበው ማዕድ ስለተጓደለ ሰው በእጁ ያጎርሰዋል።

እኛ ገና እዚያ አልደረስንም። የማጎና የኦሞ ሾላዎች ዛሬም ያፈራሉ፤ አረንጓዴው ርግብም ያለ ማንም አጉራሽ ከማዕዱ ይቀመጣል። በሞሪሸስ በብዙ ገንዘብና በብዙ ዓመታት የሚደከምለት ነገር በእኛ ዘንድ በደብተር፣ በቅርንጫፍ ጕማጅና በጊዜው በሚቀርብ ጥያቄ ሊጠበቅ የሚችልበት ጊዜ አሁን ነው። ይህ ጊዜ ግን እንደ በጋ ወንዝ ሳይታወቅ የሚጎድል ነው። ስለሆነም ከዚህ አዳራሽ ስንወጣ እያንዳንዳችን ከመሥሪያ ቤታችን ወይም ከትምህርት ቤታችን አጠገብ ያለውን አንድ ሾላ መርጠን፣ የመጀመሪያውን መስመር በዚሁ ወር እንድንጽፍ በማሳሰብ ንግግሬን እፈጽማለሁ።